ሞተርሆም ሲዋልል፣ ጎማው ሲፈነዳ፣ ፍሬኑ ሲከዳ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ አልጋና ማብሰያ ያለው መኖሪያ መኪና፣ ላላችሁ ወይም ተከራይታችሁ ለምትነዱ ነው። ዘይትና ውሃ ማየት፣ መብራት መሞከር፣ ስፖኪዮ ማስተካከል የምታውቁት ስለሆነ እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም። የማወራው ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ ስለማያቸው ችግሮች ነው።

ከሁሉም አብልጬ የማየው ደግሞ ክብደት ነው። ሰው «መሪው ተበላሽቷል» ብሎ ይመጣል። «ሞላው ደክሟል»፣ «ጎማው የማይረባ ነው» ይላል። ሚዛን ላይ ስናወጣው ጭነቱ ያለቦታው ተቀምጦ እናገኘዋለን። ስለዚህ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት መዝኑ። ይህን አንድ ነገር ብትሰሙኝ ብዙ ገንዘብ ይተርፋችኋል፣ ምናልባት ነፍሳችሁም።

ምልክት፦ መሪው ይቀላል፣ መኪናው ይዋልላል

በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ መኪናው መስመሩን አይይዝም። ሹፌሩ መሪውን ያለ እረፍት ያርማል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስበዋል። እርጥብ ዳገት ላይ ሲነሳ የፊት ጎማዎቹ ባዶአቸውን ይሽከረከራሉ። ማታ ሲነዳ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ያበራበታል፤ የእሱ መብራት ሽቅብ እያየ ስለሆነ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሊያሠራ ይሄዳል። አልተሻለም፤ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ያስቀይራል። አሁንም አልተሻለም፤ አሞርዛተር ያስቀይራል። ገንዘቡ አለቀ፣ መኪናው ግን እዚያው ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ የተጎዳው ኋላ ነው፣ የሚያለቅሰው ፊት።

ሂሳቡን እንሥራው። ብዙ ሞተርሆሞች ከኋላ ጎማቸው አልፎ የሚወጣ ረጅም ጅራት አላቸው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ነው እንበል። የብስክሌት መስቀያው ከኋላ አክስሉ 2 ሜትር ወደ ኋላ ይወጣል። እዚያ ላይ 60 ኪሎ ብስክሌት ሰቀላችሁ። የኋላ አክስሉ ላይ የተጨመረው 60 ኪሎ እንዳይመስላችሁ፤ 90 ኪሎ ነው። ትርፉ 30 ኪሎ የመጣው ከፊት አክስሉ ነው። ፊቱን አንስታችሁ ኋላውን ጫናችሁት ማለት ነው። በብስክሌቱ ፋንታ 120 ኪሎ የሚመዝን ስኩተር 2.5 ሜትር ላይ ብትጭኑ የኋላው አክስል 195 ኪሎ ይጨምራል፣ ፊቱ ደግሞ 75 ኪሎ ይቀልላል።

አሁን አስቡት። እንደ ፊያት ዱካቶ ባለ ቻሲ ላይ የተሠራ ሞተርሆም በፊት ጎማ የሚጎተት ነው። መሪው ፊት ነው። ትልቁ የፍሬን ሥራም ፊት ነው። ከዚያ ጎማ ላይ ክብደት ስታነሱ የምትቀንሱት መሪውንም፣ ጉልበቱንም፣ ፍሬኑንም ነው።

አንድ ደንበኛ የማይረሳኝ መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። ሁለት ጋራዥ ዞሮ፣ የፊት እግሩ ዕቃ ግማሹ ተቀይሮ፣ እንደዋለለ ነው። የኋላውን የዕቃ ማስቀመጫ በር ስከፍት ክፍሉ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። የብረት የመፍቻ ሣጥን፣ ጄኔሬተር፣ የታሸገ ምግብ በካርቶን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ስኩተር። የንጹህ ውሃው ታንከርም ከኋላ አክስሉ በስተኋላ ነው፤ እሱም ጢም ብሏል። «ጠቅላላው ከ3,500 ኪሎ አያልፍም፣ አስመዝኜዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አያልፍም። አክስል በአክስል ስናስመዝነው ግን የኋላው ከገደቡ አልፏል፣ ፊቱ ባዶ ቫን ያህል ቀልሏል። ስኩተሩን አወረድን። የመፍቻ ሣጥኑንና ካርቶኖቹን በሁለቱ አክስሎች መካከል ወለል ላይ አደረግን። ውሃውን አፈሰስን። አንድ ብሎን ሳንፈታ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ።

ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ስለሆነ ብቻ መኪናው ደህና ነው ማለት አይደለም። በበሩ መቃን ላይ ወይም ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብቡ። ጠቅላላ ክብደት፣ ተጎታች ሲኖር የሚፈቀደው ክብደት፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል ተብሎ ተጽፏል። አራቱም ገደብ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሞተርሆም ለ3,500 ኪሎ የሚሠራው በተራው ቢ መንጃ ፈቃድ እንዲነዳ ስለሚፈለግ ነው። አልጋው፣ ማብሰያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ጥላው ሁሉ ከዚያ ውስጥ ይቀነሳል። ሰው ገብቶ ውሃ ሲሞላ ለሻንጣ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

መፍትሄው ይህ ነው። ለጉዞ እንደምትወጡ አድርጋችሁ ጫኑት። ሰው ይሳፈር፣ ነዳጅ ይሞላ። ወደ መመዘኛ ሂዱና ሦስት ጊዜ አስመዝኑ፦ ሙሉውን፣ ፊቱን ብቻ፣ ኋላውን ብቻ። የሚቻል ከሆነ ግራና ቀኙንም ለየብቻ። ማብሰያው፣ ማቀዝቀዣውና የውሃ ታንከሩ በአንድ ጎን ተደርድረው አንዱን ጎማ ብቻ የሚጫኑበት መኪና ብዙ ነው።

ከዚያ አስተካክሉ። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ በአክስሎቹ መካከል ይሁን። ከላይ ባሉት ቁምሳጥኖች ልብስና ቀላል ነገር ብቻ አስቀምጡ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ይዞ መዞር አንድ ትልቅ ሰው ጨምሮ እንደ መጫን ነው። የምትደርሱበት ቦታ ውሃ ካለ ለመንገድ የሚበቃችሁን ትንሽ ብቻ ያዙ። ግማሽ የሞላ ታንከር ደግሞ የራሱ ጠንቅ አለው። ውስጡ መከፋፈያ ከሌለው ውሃው በየመታጠፊያው ይላጋል። የቆሻሻ ውሃውንም ሳትነሱ አፍስሱ። ታንከሩ ብዙ ጊዜ ኋላ ስለሆነ ፊት የነበረው ክብደት ታጥባችሁ ስትጨርሱ ወደ ኋላ ይዛወራል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ጅራቱ ሲወርድ ባሌስትራ (የብረት ሞላ) የሚያስጨምሩ ወይም ሞላውን የሚያግዝ የአየር ባሎን የሚያስገጥሙ ሰዎች አሉ። የሚሸጠውም ሰው «አሁን የፈለጋችሁትን ጫኑ» ይላቸዋል። ይህ ውሸት ነው። ባሎኑ ጅራቱን ያነሳል፣ መብራቱን ያስተካክላል፣ በትክክለኛው ጭነት ላይ ሲሆን መዋለሉንም ይቀንሳል። የጎማውን አቅም ግን በአንድ ኪሎ አይጨምርም። የአክስሉን ኩሽኔታም አያጠነክርም። ምልክቱን ደብቆ ጉዳቱን ይተወዋል። ባሎን የምታስገጥሙት ከተመዘናችሁ በኋላ ነው፣ በመመዘን ፋንታ አይደለም።

ተመዝኖ፣ ተስተካክሎ አሁንም የሚዋልል ከሆነ ያን ጊዜ የጎማ አየር፣ ቀጥሎ ቴስቲናና ጎሚኒዎች (የእግሩ መገጣጠሚያ ላስቲኮች)፣ መጨረሻ ላይ አላይመንት። አላይመንቱን ባዶ መኪና ላይ አታሠሩ። መኪናው በሚጓዝበት ክብደት ይሁን።

ምልክት፦ ጎማው ገና አዲስ ይመስላል፣ ግን ፈነዳ

ይህም ከክብደት ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው የኋላ ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ ሞቃት ቀን፣ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ባለቤቱ «ጥርሱ አላለቀም እኮ፣ ስለት ነገር ረግጬ ይሆናል» ይላል። ጎማውን ከቸርኬው ስናወጣው ውስጡ የጎማ ብናኝ ሞልቶታል፣ ጎኑም ዙሪያውን ተልጧል። ይህ ስለት የሠራው አይደለም። አየር ያነሰው ጎማ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ፣ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ግሎ፣ ከውስጥ ተላቆ ነው።

ሞተርሆም ከሌላ መኪና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የዕቃ ቫን ጠዋት ይጫናል፣ ማታ ይራገፋል። ሞተርሆም ግን ሁልጊዜ እንደተጫነ ነው። ቆሞ እንኳ ጎማው ላይ ቤቱ ተቀምጧል። ደግሞ ለወራት ይቆማል። ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል።

ዕድሜውን ለማወቅ በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 3218 ካለ በ2018 በ32ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ወዲያው ጣሉት። ቀኑ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል ከውጭ ካላገኛችሁት መብራት ይዛችሁ ከሥር ግቡ። ስድስት ሰባት ዓመት የሞላው የሞተርሆም ጎማ ጥርሱ ምንም ቢያምር መቀየር አለበት እላለሁ። ስኮርታውንም አትርሱ፣ እሱም ሳይነዳ ያረጃል።

ያገለገለ ሞተርሆም ስትገዙ ጎማው ጥቁር ቅባት ተቀብቶ ያበራል። እርጥብ ጨርቅ ወስዳችሁ ጎኑን እሹት። ቅባቱ ሲለቅ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ይታያሉ። ጥፍራችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለ ያ ጎማ አልቋል። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቦይም ተመልከቱ። ሻጩ «ይህ የፀሐይ ነው፣ ምንም አይልም» ካላችሁ አትስሙት።

ቀጥሎ አቅሙ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት መለኪያ ነው። 116 ማለት አንዱ ጎማ 1,250 ኪሎ ይሸከማል፤ 121 ማለት 1,450 ኪሎ። 104 ግን 900 ኪሎ ብቻ ነው። 225/75 አር 16 የሚል ጎማ ለጂፕም ለሞተርሆምም አለ። መጠኑ አንድ ነው፣ አቅሙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ ጎሚስታ «ልኩ ነው፣ ርካሽም ነው» ብሎ ባለ 104 የገጠመበት ሞተርሆም አይቻለሁ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተደምረው 1,800 ኪሎ ነው የሚችሉት። የኋላ አክስሉ ላይ የነበረው ክብደት ከ2,000 በላይ ነበር። ባለቤቱ ልጆቹን ጭኖ ነው በዚያ ጎማ የሚዞረው። ለሞተርሆም ተብሎ የሚሠራ ጎማ መጠኑ አጠገብ ሲፒ የሚል ጽሑፍ አለው። የሚቻላችሁ ከሆነ እሱን ግዙ።

አየሩን በተመለከተ፣ ነጠላ የኋላ ጎማ ያለው ሞተርሆም ላይ ሲፒ ጎማ ብዙ ጊዜ 5.5 ባር ይሞላል፤ ወደ 80 ፒኤስአይ ማለት ነው። ፊቱ እንደ ክብደቱ ይለያል። ሌላ ዓይነት ጎማ ከሆነ የበሩ ላይ ጽሑፍንና የጎማውን አምራች የጭነት ሰንጠረዥ ተከተሉ፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አትለፉ። የምትለኩት ጠዋት፣ ሳትነዱ፣ ጎማው በረድ እንዳለ ነው። ነድታችሁ ሲሞቅ አየሩ ይጨምራል፣ ተፈጥሮው ነው። የሞቀ ጎማ ላይ «በዛ» ብላችሁ አየር አታስተንፍሱ። እንዲህ ያደረገ ሰው በነጋታው ባነሰ አየር ይነዳል። የራሳችሁን ጥሩ መለኪያ ግዙ። ነዳጅ ማደያ ያለው መለኪያ ወድቆ ተነስቶ የሚሠራ ስለሆነ አላምነውም።

አሁን ማንም የማያየው ነገር፦ ቬንቲል፣ አየር የሚሞላበት አፍ። ተራው የላስቲክ ቬንቲል የተሠራው እስከ 4.5 ባር ገደማ ለሚሞላ ጎማ ነው። 5.5 ባር የሚሞላ ቸርኬ ላይ የብረት ቬንቲል መሆን አለበት፣ በዳዶ የሚታሰረው። አዲስ ጎማ ገዝተው፣ ውድ ቸርኬ ገጥመው፣ የሳንቲም ላስቲክ ቬንቲል የሚያስገቡ ጎሚስታዎችን ሳይ እናደዳለሁ። ላስቲኩን በአውራ ጣታችሁ ወደ ጎን አጠፍ አድርጉትና ሥሩን እዩ። ዙሪያውን ስንጥቅ ካለ አየሩ ቀስ እያለ በዚያ ይወጣል። አየር ያነሰው ጎማ ይግላል፣ የጋለው ይፈነዳል። «ጎማው ፈነዳ» ብለው ከመጡልኝ ውስጥ ቬንቲሉ ተቀዶ ያገኘሁት ብዙ ነው።

ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው ከሆነ የውስጠኛውን በዱላ መትታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። አንዱ ቢተነፍስም ጎረቤቱ ስለሚሸከምለት መኪናው አይወርድም። ያ ጎረቤት ግን የሁለት ሥራ እየሠራ ነው፤ እሱም ይከተላል። እያንዳንዱን በመለኪያ ለኩ። የሚተጣጠፍ የቬንቲል ማስረዘሚያ ብዙ ጊዜ ያፈስሳል፣ እኔ አውልቄ ቀጥ ያለ ብረት ነው የማስገባው። በየጎማው ላይ የሚገጠም የአየር መቆጣጠሪያ ለሞተርሆም ቅንጦት አይደለም።

ፈንድቶ ከሆነስ? ፍሬን አትርገጡ። በፍጹም። በሁለት እጅ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ባንዴ አታንሱ፤ መኪናው መስመሩን እስኪይዝ ለቅጽበት አቆዩት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ፍጥነቱ ራሱ ሲወርድ ወደ ዳር ውጡ። ከሞት የሚያተርፈው ይህ ነው፤ ደመ ነፍስ ግን ተቃራኒውን ያዛል፣ ስለዚህ ሳይመጣ በፊት በአእምሯችሁ ተለማመዱት።

ክሪክ ስታስገቡ ውስጥ ሰው አይኑር። ክሪኩ የመኪናውን ክብደት የሚችል መሆኑን አንብቡ። ማረፊያ እግሮቹን እንደ ክሪክ አትጠቀሙባቸው፤ መኪናው እንዳይወዛወዝ ናቸው እንጂ ሊያነሱት አልተሠሩም። ጎማ ከተቀየረ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ።

ምልክት፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይከዳል

እግራችሁ ችግሩ የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንክሮ መኪናው ግን አልቆም ካለ ሸራው ነው የጋለው። ሁለቱም የሚመጡት ፍሬን ላይ እግር ጭኖ ቁልቁለቱን ሁሉ ከመውረድ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን የዘይቱ ደረጃ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ቆሞ የከረመ ሞተርሆም «አልተነዳም» ተብሎ ዘይቱ አይቀየርለትም። እርጥበቱ ግን ቆሞም ይገባል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ መሃል ላይ ሆናችሁ አይደለም። አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ መቀየሪያው ዝቅ ያለ ማርሽ ያዙ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። 60 ላይ መሄድ ከፈለጋችሁ 60 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ 50 አውርዱትና ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ሸራው በመካከል ይተነፍሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ (ማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ ሰው ምንም አይቆጥብም። የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ ላለመቆም ይጠጣል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የፍሬኑንም የመሪውንም አጋዥ መጣል ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መኪና ባይነዳ ይሻላል።

ከከዳችሁ ማርሽ ቀንሱ። ፔዳሉ ለስልሶ ከሆነ ደጋግማችሁ ምቱት። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ። የማምለጫ መንገድ ካለ ግቡበት። ከቆማችሁ በኋላ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬኑንም በጋለበት ጥርቅም አታድርጉት፤ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉና እስኪበርድ ጠብቁ።

ፍጥነት የሚያመጣውን ደግሞ ልብ በሉ። ከ80 ወደ 100 ስትወጡ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ነው፤ ለማቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት ግን ከግማሽ በላይ ያድጋል።

ምልክት፦ ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል

ቆሞ የከረመ መኪና ላይ ሁሌ የማየው ነው። የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒን ዝጎ ሸራውን አይለቅም። ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ እሱ ነው። ፒኑ ይጽዳ፣ ለፍሬን በተሠራ ግሪስ ይቀባ። ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ከወራት በኋላ እዚያው ትመለሳላችሁ። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁና በታኮ አቁሙት።

ምልክት፦ ይንቀጠቀጣል

ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው። በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ከሆነ ባላንስ። ከወራት በኋላ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከሆነ ጎማው የቆመበት ቦታ ጠፍጥፎ ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል። ካልለቀ ጎማው ይታይ።

ምልክት፦ ስትታጠፉ ጅራቱ፣ ስትገቡ ጣሪያው ይገጫል

ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ከኋላ አክስሉ ያለፈው ጅራት ወደ ግራ ይወጣል። ከግንብ ወይም ከሌላ መኪና አጠገብ ቆማችሁ ስትነሱ መሪውን ሙሉ ጠምዝዛችሁ ከወጣችሁ ያ ጅራት ይፋቃል። ጅራቱ ከግንቡ እስኪያልፍ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ከዚያ ታጠፉ። መንገድ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማው የመታጠፊያውን ውስጥ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ወደ መስቀለኛው ገባ ብላችሁ ነው መታጠፍ የሚጀመረው። ወደ ኋላ ስትሄዱ አንድ ሰው ይውረድና በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ሰውየው ከስፖኪዮው ከጠፋ ያን ጊዜውኑ ቁሙ። ካሜራው መሬቱን ያሳያል፣ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ አያሳይም።

ቁመቱን ራሳችሁ በሜትር ለኩ። ፋብሪካው የጻፈው ከጣሪያው ላይ በኋላ የተገጠመውን ማቀዝቀዣ፣ አንቴና ወይም የፀሐይ ፓነል አያውቅም። የተለካውን ጻፉና ከመሪው ፊት ለጥፉ። ተከራይታችሁ ስትነዱ የበለጠ ያስፈልጋችኋል። በስልክ መንገድ የሚያሳየው መተግበሪያ የትንሽ መኪና ከሆነ ዝቅ ያለ ድልድይ ሥር ይመራችኋል። ቁመትና ክብደት የሚሞላበትን ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ፍሬን ሲያዝ ዕቃ ይወረወራል

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ውስጡ ያለ ነገር ሁሉ በክብደቱ 20 እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። 2 ኪሎ የሚመዝን ድስት ወደ 40 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። ተኝቶ የሚጓዝ፣ ቆሞ ቡና የሚያፈላ፣ ሽንት ቤት የሚገባ ሰው አይኑር። ቀበቶ ያለው ወንበር ስንት ነው? የምትጭኑት ሰው ያን ያህል ነው። የሕፃን ወንበር ወደ ጎን በሚያይ መቀመጫ ላይ አይታሰርም። ቁምሳጥን መቆለፊያው የላላ ከሆነ ከመንገድ በፊት ይጠገን።

ምልክት፦ ከኋላ የተቀመጡት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ወይም ጋዝ ይሸታል

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከጉዞ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። የኋላ መስኮት ከፍቶ መንዳት ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ማርሚታው ወይም ቧንቧው ተበስቶ ከሆነ ደግሞ በወለሉ ስንጥቅ ይገባል። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። መስኮቱን ዝጉ፣ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፈትሹ፣ ማንቂያ መሣሪያ ግጠሙ።

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስስ ወለል ላይ ይተኛል። ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለዚያ ነው የተበሱት። ብርድ ገባ ብለው በጨርቅ፣ በፎም፣ ባስ ሲልም በሲሊኮን የደፈኗቸው መኪኖች በየጊዜው ይመጡልኛል። እየለመንኩ አስከፍታለሁ። በመንገድ ላይ ሲሊንደሩን ዝጉ፤ ክፍት መተው የሚቻለው በግጭት ጊዜ ራሱ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ከሆነ ብቻ ነው። ማቀዝቀዣው በጋዝ ነበልባል የሚሠራ ከሆነ ነዳጅ ማደያ ከመግባታችሁ በፊት አጥፉት።

ጋዝ ከሸተታችሁ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሁሉም ይውረድ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ ሲሊንደሩን ከውጭ ዝጉ። ውስጥ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ያፈሰሰበት ቦታ በሳሙና አረፋ ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ ሲሊንደሩ ዝግ ሆኖ ይቆይ።